እንቁላሉን መዝኑት

በጥሊሊና በዙሪያዋ መፈልፈያ ማሽን የገዙ ወጣቶች ጫጩት ቅርፊት ውስጥ ሲሞትባቸው መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ሙቀቱን ነው። «ጋሼ፣ 37 ከግማሽ ላይ ነው፤ አልነካነውም» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ውሃው ነው።

እንቁላል በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ውሃው እየተነነ ይወጣል፤ መውጣትም አለበት። እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ ሰፊው ጫፍ ላይ ያለው የአየር ኪስ ያድጋል። ጫጩቱ የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚህ ኪስ ነው። እርጥበቱ ከበዛ ኪሱ ይጠብና ጫጩቱ ይታፈናል። ካነሰ ደግሞ ሽፋኑ ደርቆ ይጣበቅበታል፤ ቅርፊቱን ቢነቁርም ዞሮ መውጣት ያቅተዋል።  

መመሪያዎች እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ያዛሉ። ለመነሻ ጥሩ ነው፤ እንደ ጥሊሊ ላለ ደጋ ግን አይበቃም። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ተኑ ከቅርፊቱ ቶሎ ይወጣል። ክረምቱም ያታልላል። ሐምሌ ላይ ጉሙ ደጃፍ ሲደርስ ብዙዎች «እርጥበት ሞልቷል» ብለው የውሃውን ሳህን ይረሳሉ። 15 ዲግሪ ላይ እርጥበት የጠገበ አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37 ከግማሽ ሲሞቅ እርጥበቱ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል።

ስለዚህ እንቁላሉን መዝኑት እላለሁ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። አሥር እንቁላል ምልክት አድርጋችሁ 400 ግራም ቢመዝኑ፣ በሰባተኛው ቀን ወደ 381፣ በ18ኛው ወደ 352 መውረድ አለባቸው። ቶሎ ከቀነሱ ሰፋ ያለ ሳህን አስገቡ። የሚተነው ከውሃው ገጽ ስለሆነ ጥልቅ ጣሳ አይረዳም።

የአገሩን ዶሮ እንቁላልና ከሩቅ የመጣውን ለየብቻ መዝኑ። ተመራማሪው ታደለ ደሴ እ.ኤ.አ. በ2003 በበርሊኑ ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት ካነሷቸው የአገር ውስጥ ዶሮዎች አንዷ የጥሊሊ ዶሮ ናት። ከፍታ ላይ የኖሩ ዶሮዎች የቅርፊታቸው ቀዳዳ እንደሚቀንስ በሌሎች አገሮች ተራሮች ላይ ታይቷል። የኛዋም እንዲያ ከሆነች፣ እንቁላሏ ከቆላ በካርቶን ተጭኖ ከመጣው እኩል ውሃ አይለቅም።

ከ18ኛው ቀን በኋላ ሚዛኑን ተዉት። እርጥበቱን ወደ 70 በመቶ ከፍ አድርጉ፤ ውሃ ከውጭ በቀጭን ቱቦ ጨምሩ። ጫጩት ሲጮህ ሰማን ብላችሁ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ቅርፊት መንቆር የጀመሩት ሌሎቹ የሚደርቁት በዚያች ደቂቃ ነው።