ፓወር ሜትር የሚገዛው ለሩጫው ነው

አዲስ የትራያትሎን ብስክሌት ሊያዝ የመጣ ደንበኛ የፍሬሙን መጠን፣ የቸርኬውን ጥልቀትና የማርሹን ዓይነት መርጦ ከጨረሰ፣ ሒሳቡም ተደምሮ ፊቱ ከተቀመጠ በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ «ፓወር ሜትርስ? ልጨምርበት ወይስ ይቅር?» በዚያ ሰዓት በጀቱ አልቋል። ስለዚህ ብዙው ሰው «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ ይሄዳል። ዴንቨር ውስጥ ብስክሌትን በሰው አካል ልክ ማስተካከል የዕለት ሥራዬ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ የማምነው ጥያቄው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መምጣት እንዳለበት ነው። ብስክሌቱ ላይ የሚገጠመው ሌላው ዕቃ ሁሉ ሰውን ለማፍጠን የተሠራ ነው። የርግጫን ኃይል በዋት የሚለካው ይህ መሣሪያ ግን ርግጫው ሲበዛ «ቀስ በል» ይላል፤ በረጅም ርቀት ትራያትሎን ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈልገው ይህ ምክር ነው።

ከአውሮራ የመጣች አንዲት ነርስ እህታችን ነገሩን ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። ሩጫን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ዋና የተማረችው ግን አሜሪካ ከገባች በኋላ፣ ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ መዋኛ ገንዳ እየሄደች ነው። ቦልደር ለሚደረገው የ70.3 (ግማሽ አይረንማን) ውድድር ተመዝግባ የመጀመሪያ የትራያትሎን ብስክሌቷን ልትገዛ ነበር የመጣችው። «ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ለሚያሸንፉት ነው እንጂ ለእኔ ዓይነቷ ጀማሪ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ይህ ሐሳብ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ከብዙ ሰው እሰማዋለሁ። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ለዓመታት የነዳ ሰው ምን ያህል እየረገጠ እንደሆነ እግሩ ይነግረዋል። ጀማሪ ያ ልምድ ስለሌለው የውድድሩ ቀን ስሜት ይዞት ይሄዳል።

ውድድሩ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሙሉው አይረንማን የዚህ እጥፍ ሲሆን 3.8፣ 180 እና 42.2 ኪሎ ሜትር ነው። በሁለቱም ከጠቅላላው ሰዓት ግማሽ ያህሉ የሚያልፈው ኮርቻ ላይ ነው። ከፊት ባለው ሰው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ደግሞ ክልክል ነው፤ በአይረንማን ሕግ አማተሮች 12 ሜትር መራቅ አለባቸው። ቡድን የለም፣ ፍጥነቱን የሚወስንለትም የለም፤ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይለካል፣ ለብቻው ይወስናል። ያለ ልክ የወጣው ጉልበት ዋጋውን የሚጠይቀው ከብስክሌት ከወረዱ በኋላ ነው። ሩጫው አሥራ ሁለተኛ ወይም አሥራ ሦስተኛ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ እግር ይታሰራል፤ ሯጩም ችግሩን ሩጫው ላይ ይፈልገዋል። ጥፋቱ ግን ከሰዓታት በፊት፣ ብስክሌቱ ገና በተጀመረበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተፈጸመ ነው።

ለምን በዚያ ሰዓት? ከውኃ የወጣ ሰው ልቡ አስቀድሞ በኃይል ይመታል፤ ከውድድሩ በፊት ልምምዱን ቀንሶ ስለከረመ እግሩ አርፏል፤ ዳር የቆመው ሕዝብ ይጮኻል። ከሚገባው 30 ዋት አብልጦ እየረገጠ «ዛሬ ቀሎኛል» ይላል። የልብ ምት ቆጣሪ በዚህ ላይ ብዙ አያግዝም፤ ልብ ለሥራው መልስ የሚሰጠው ዘግይቶ ነው፣ ሙቀትና የውኃ ጥም ሲጨመር ደግሞ ሥራው ሳይለወጥ ምቱ ይወጣል። ፍጥነትም አያስተማምንም። የሐዋዩን የአይረንማን መንገድ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከካይሉዋ ኮና ተነስቶ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል በንግሥት ካአሁማኑ አውራ ጎዳና ያልፍና ወደ ሐዊ ይወጣል፤ ነፋሱ ከፊትም ከጎንም ይመታል። ፍጥነቱን ብቻ የሚያይ ሰው ነፋሱ ሲያዘገየው የጎደለበትን ሊሞላ ይታገላል። የአየር ግፊትን ለማሸነፍ የሚወጣው ኃይል ግን ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ነው የሚያድገው፤ በሰዓት ከ35 ወደ 36 ኪሎ ሜትር ለማለፍ ለአየሩ ብቻ ወደ 9 በመቶ ተጨማሪ ዋት ይከፈላል። ዋቱን የሚያይ ሰው በነፋስ ውስጥ ፍጥነቱ 20 ላይ ቢወርድም አይደነግጥም፤ የሚያወጣው ኃይል እንዳልተለወጠ ያውቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሲረግጥ ብረቱ በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል። ብረቱ ላይ የተለጠፈች ስስ መለኪያ አብራው ስትለጠጥ የኤሌክትሪክ መቋቋሟ ይለወጣል፤ ከዚያ ለውጥ የጥምዘዛው ኃይል ይሰላል፣ በዙሩ ፍጥነት ሲባዛም ዋት ይሆናል። በደቂቃ 90 ዙር እያዞረ 20 ኒውተን ሜትር የሚጠመዝዝ ሰው 188 ዋት ያህል እያወጣ ነው ማለት ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪሽ ሾበረር በ1986 እ.ኤ.አ. የፓወር ሜትር አምራቹን ኤስ አር ኤምን ሲመሠርት መሣሪያው ከፕሮፌሽናሎችና ከላቦራቶሪ የሚያልፍ አይመስልም ነበር። ዛሬ በግራ ክራንክ (ፔዳሉን በሚይዘው ክንድ) ላይ ብቻ የሚለካው ዓይነት ከ300 እስከ 500 ዶላር ይገኛል።

ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ባለቤቱ አቅሙን ሲያውቅ ነው። የተለመደው ፈተና 20 ደቂቃ እስከ መጨረሻ አቅም ረግጦ አማካዩን በ0.95 ማባዛት ነው፤ ውጤቱ ኤፍ ቲ ፒ ይባላል፣ አንድ ሰዓት ያህል ሊቆይ የሚችል ከፍተኛ ኃይል ማለት ነው። ኤፍ ቲ ፒው 200 ዋት የሆነ አማተር በግማሹ ርቀት 160 አካባቢ፣ በሙሉው ደግሞ 140 አካባቢ ቢቆይ ለሩጫው እግር ይተርፈዋል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ፤ ፈተናው በውድድሩ አቀማመጥ፣ ክንድ በማሳረፊያው ላይ ተኝቶ ይደረግ። ቀና ብሎ የተለካ 200 ዋት አጎንብሶ ሲለካ ለብዙ ሰው ይቀንሳል፤ የዳሌው መታጠፊያ ሲጠብ እግር ከላይ ሲያልፍ ይጨነቃል። ልዩነቱ ከበዛ አቀማመጡ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። በዚህ መንገድ መለኪያው የእኔንም ሥራ ይፈትሻል፤ ኮርቻውን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ደንበኛው «ይሻላል» ከሚለኝ ይልቅ ዋቱንና የልብ ምቱን ጎን ለጎን ባይ እመርጣለሁ።

ነርሷ መለኪያ ያለው ክራንክ ወሰደች፤ ለዚህም ስትል ውድ ቸርኬዎቹን ተወች። ከቦልደር ስትመለስ መዝገቧን አብረን አየነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ኪሎ ሜትር ብዙ ሰው አልፏታል፤ እሷ ግን ከቁጥሯ አልወጣችም። ዳገት ላይ እንኳ ተነስታ አልረገጠችም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስል፤ ዳገት ላይ 300 ዋት ረግጦ ቁልቁለት ላይ ማረፍ አማካዩን ላያናጋ ይችላል፣ ጡንቻን ግን ያናጋል። ኖርማላይዝድ ፓወር የሚባለው ስሌት የ30 ሰከንዱን አማካይ ወደ አራተኛ ኃይል የሚያወጣው ከፍ ያለ ርግጫ ከቁጥሩ በላይ ስለሚያደክም ነው። የእሷ ኖርማላይዝድ ፓወርና ተራ አማካይዋ ተቀራርበው ነበር የተገኙት። ሩጫው ላይ ቀድመዋት የሄዱትን እየለቀመች ገባች።

የቱን ዓይነት መግዛት ይሻላል ለሚለው መልሴ ከክራንክ ርዝመት ይጀምራል። ፋብሪካው መካከለኛ ፍሬም ላይ ብዙ ጊዜ 170 ሚሊሜትር ክራንክ ገጥሞ ይልካል። ትራያትሎን ላይ ግን አጠር ያለ ክራንክ የዳሌውን መታጠፊያ ስለሚከፍት ለብዙ ሰው 165 ወይም ከዚያ ያነሰ እመርጣለሁ። መለኪያው ግራ ክራንኩ ላይ የተጣበቀ ከሆነና ከልኬት በኋላ ክራንኩ መቀየር ካለበት፣ መለኪያውም አብሮ ይሄዳል። መሃል ላይ፣ የፊት ማርሹን የሚሸከመው ክፍል ውስጥ ያለው ዓይነት ለዚህ የተሻለ ነው፤ ክንዶቹን ብቻ መለወጥ የሚቻልበት ብዙ ሞዴል አለ፣ የሁለቱንም እግር ድምር ይለካል። ሆኖም ከፊት ማርሹ ጋር አንድ አካል ሆነው የተሠሩም አሉ፤ የማርሹ ጥርስ ሲበላ መለኪያው ደኅና ሆኖ ሳለ ሁሉም ይቀየራል። ይህን ከመግዛት በፊት ማወቅ ያሻል።

ፔዳል ውስጥ ያለው ዓይነት ከሁሉ ነፃነት ይሰጣል። ሁለቱንም እግር የሚለኩት ውድ ናቸው፣ ከሺህ ዶላር በላይ የሚሄዱም አሉ፤ ነገር ግን ከትራያትሎን ብስክሌቱ ወደ ጎዳና ብስክሌቱ በደቂቃዎች ይዛወራሉ። በአውሮፕላን ለሚጓዝም ፔዳል ለማንኛውም ይፈታል። ይሁን እንጂ ፔዳል የሚለካው የእግርን ግፊት ስለሆነ የክራንኩን ርዝመት በእጅ ማስገባት ግድ ነው። 165 ክራንክ ላይ ገጥሞ ኮምፒውተሩን 170 ላይ የተወ ሰው ቁጥሩ ሁሉ 3 በመቶ ያህል ይዋሸዋል። በዚህ ምክንያት «አቅሜ ጨመረ» ብሎ የሚመጣ አለ። ብስክሌቱ ሲወድቅ ቀድሞ መሬት የሚነካውም ፔዳል ነው፤ ኩሽኔታውም በጊዜ ብዛት ይላላል።

የግራውን እግር ብቻ ለክቶ በሁለት የሚያባዛው ርካሹ ዓይነት ይበቃል ወይ? ለመጀመሪያ ብስክሌት ይበቃል። የሁለቱ እግሮች ድርሻ እኩል ባይሆንም፣ ሲደክሙም ቢለዋወጥ፣ ዛሬ የሚለካበት ነገም ያው ከሆነ ውድድርን ለመምራት ያገለግላል። የቆየ ጉልበት ወይም ዳሌ ጉዳት ያለበትን ግን ሁለቱን የሚለካ እንዲገዛ እመክራለሁ። ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ደግሞ ከክራንኩ መሃል ወደ ኋላ ቸርኬ የሚሄደውን የፍሬም ክንድ ይይ፤ አንዳንድ የትራያትሎን ፍሬም እዚያ ላይ ሰፊ ነው፣ በድሮዎቹም የኋላው ፍሬን እዚያው ሥር ይቀመጣል። የመለኪያዋ ሳጥን ጥቂት ሚሊሜትር አጥታ የምትታከክበት አለ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከቸርኬው። ጥልቅ የካርቦን ቸርኬ ሰዓት እንደሚቆጥብ አልክድም፤ ነገር ግን ያለ ልክ በመርገጥ ሩጫው ላይ የሚጠፋው ደቂቃ ከዚያ ይበልጣል፤ ቸርኬ ደግሞ በኋላም ይገዛል። ከመለኪያው በፊት የማስቀድመው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአካል ልኬት ነው። በማይመች አቀማመጥ ላይ የሚነበብ ዋት ሥቃይን ከመቁጠር አያልፍም።

ቤት ውስጥ ዋት የሚለካ መለማመጃ ያለው ሰው በክረምት ይጠቀምበት፤ ይሁን እንጂ ሁለት መለኪያዎች እምብዛም አይስማሙም። ብስክሌቱ ላይ ያለውን ይዞ ቤትም ውጭም በሱ ብቻ ይመራ። ከመነሳት በፊት ዜሮውን ማስተካከልም ልማድ ይሁን፤ በክረምት ከሞቀ ቤት ወጥቶ ወዲያው የተነሳ ብስክሌት ብረቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ንባቡ ሊንሸራተት ይችላል፣ ስለዚህ ውጭ ጥቂት ቆሞ የአየሩን ቅዝቃዜ ይልመድ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ የተለካ ኤፍ ቲ ፒ ባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ነው። ለበዓል አገር ቤት ገብታችሁ አዲስ አበባ ልምምዳችሁን የምትቀጥሉ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁ፤ እንጦጦና ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣሉ። ዋቱ ሲወርድ መለኪያው ተበላሸ አትበሉ። ኦክስጅኑ ስለሳሳ ነው፤ እዚያው እንደገና ፈትኑና በአዲሱ ቁጥር ተለማመዱ።

ለማዘዝ የተዘጋጃችሁ ወገኖቼ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁት። «ፓወር ሜትር አለው» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። አንድ እግር ነው የሚለካው ወይስ ሁለቱንም? ክራንኩ ስንት ሚሊሜትር ነው፣ ከልኬት በኋላ ቢለወጥስ ማን ይከፍላል? የፊት ማርሹ ሲያልቅ ምን ምን ይቀየራል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። መልስ የሌለው ሱቅ ካጋጠማችሁ ትዕዛዙን አሳድሩትና ሌላ ሱቅ ሂዱ።