ቆዳ የሚያሳልፈውና የማያሳልፈው

የፋርማሲ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ክሬሜን የሠራሁት በሁለት ቢከር ነው። በአንዱ ዘይትና የንብ ሰም ነበር፤ በሌላው ጥቂት ቦራክስ የሟሟበት ውሃ። ሁለቱንም የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጬ ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርሱ መጠበቅ ነበረብኝ። ሰሙ ቀልጦ ሳየው ግን ቸኮልኩና ውሃውን ገና ለብ እንዳለ ገለበጥኩበት። ነጭና ለስላሳ ክሬም ስጠብቅ አይብ የመሰለ ፍርፋሪ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። መምህራችን አንዱን ፍርፋሪ በብርጭቆ ዘንግ አንስተው በጣታቸው አፈረሱት። «ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው። ለብ ያለ ውሃ ሲነካው መልሶ ይጠጥራል። እንደገና ጀምር» አሉኝ።

እንደገና ጀመርኩ። ሁለቱ ቢከሮች እኩል ሲሞቁ ውሃውን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ፣ ሳላቋርጥም አማሰልኩ። ፈሳሹ መጀመሪያ ወተት መሰለ፣ ሲቀዘቅዝ ወፈረ፣ በመጨረሻም ዘንጉን ስመዝዘው ቀጥ ብሎ የሚቆም ጫፍ ሠራ። ያን ቀን የተማርኩት ነገር እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

ዘይትና ውሃ ሽማግሌ ካልገባ አይስማሙም። ሽማግሌው በሙያው ቋንቋ ኢመልሲፋየር ይባላል። የዚህ ሞለኪውል አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ዘይት። በጥቃቅን የዘይት ጠብታዎች ዙሪያ ይደረደርና እርስ በርስ ተገናኝተው እንዳይዋሃዱ ያደርጋል። በእኔ ቢከር ውስጥ ሽማግሌው የተወለደው እዚያው ነው፤ ቦራክሱ ሰሙ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይፈጥራል። ማማሰሉም በከንቱ አይደለም። የአንዲት ጠብታ ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን ወደ ላይ የምትወጣበት ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል። ጠብታዎቹ ባነሱ ቁጥር ክሬሙ ሳይለያይ ይከርማል።

እንዲህ ሁለት ዓይነት ጫፍ ያለው ሞለኪውል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ተመሳሳይ ባሕርይ ያለው ነገር ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጠቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በእንዶድ ላይ በሠሩት ምርምር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። ሳሙናም መድኃኒትም የሆነውን ያንን ፍሬ ባሰብኩ ቁጥር፣ የመድኃኒትና የውበት መጠበቂያ ሳይንስ በአንድ ጣሪያ ሥር መማሩ ትክክል እንደሆነ ይሰማኛል።

ለነገሩ ሁለቱ ከጥንትም አልተለያዩም። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ጋለን የንብ ሰም፣ የወይራ ዘይትና የጽጌረዳ ውሃ ቀላቅሎ ቅባት ሠርቷል። ውሃው ቆዳ ላይ ሲተን ስለሚያቀዘቅዝ ፈረንጆቹ «ቀዝቃዛ ክሬም» ይሉታል፤ የእኔ ሁለት ቢከሮችም የዚያው ልጆች ናቸው። ዛሬ በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒትና የውበት መጠበቂያ ሳይንስን አጣምሮ በዲግሪ ያስተምራል፤ በአሜሪካም የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የውበት መጠበቂያ ሳይንስ የማስተርስ ትምህርት አለው። በእኛ አገር ደግሞ ትምህርቱ የሚገኘው አምስት ዓመት በሚፈጀው የፋርማሲ ዲግሪ ውስጥ ነው፤ ፋርማሲዩቲክስ በሚባለው ክፍል። ተማሪው ክኒን መጠፍጠፍ፣ ሽሮፕ ማዘጋጀት፣ ክሬም መሥራት ይማራል። የሠራውንም በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ75 በመቶ እርጥበት ለስድስት ወር አስቀምጦ መለያየቱን፣ መሻገቱን፣ ቀለሙንና ሽታውን መከታተል ይማራል። ውሃ ያለበት ክሬም ለባክቴሪያና ለሻጋታ የተነጠፈ ማዕድ ነው። መከላከያ ሳይጨመርበት ቤት ውስጥ የተቀላቀለ «ተፈጥሯዊ» ክሬም እንዲሸጥ የማልደግፈው ለዚህ ነው።

ዋናው ትምህርት ግን ከቢከሩ ውጭ፣ ቆዳ ላይ ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ይወፍራል፤ የደብተር ወረቀት እንኳ ከእሱ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። አሠራሩ የጡብ ግንብ ነው። ጡቦቹ የሞቱ ጠፍጣፋ ሴሎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ሲሚንቶ ደግሞ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች ናቸው። ጨው በበዛበት ውሃ ስንዋኝ የማንመረዘው፣ ፀሐይ ላይ ስንውል የማንደርቀው በዚህ ስስ ግንብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች፣ ቦስና ማይናርዲ፣ የሙያውን ልምድ በአንድ ቁጥር ጠቀለሉት፦ ጤናማ ቆዳን ማለፍ የሚፈልግ ሞለኪውል ክብደቱ ከ500 ዳልተን በታች መሆን አለበት። ዳልተን የሞለኪውል መመዘኛ ነው፤ አንድ የሃይድሮጂን አቶም አንድ ዳልተን ያህላል። ቁጥሩ ፍጹም ድንበር አይደለም፣ የተጎዳ ቆዳም ይበልጥ ያሳልፋል። ቢሆንም የሱቅ መደርደሪያን በዚህ ቁጥር ማንበብ ብዙ ያሳያል።

ኮላጅንን እንውሰድ። ቆዳ የሚያጠነክር እየተባለ የሚሸጥ ክሬም ላይ ስሙ በትልቁ ይጻፋል። ሙሉ የኮላጅን ሞለኪውል ግን ወደ 300,000 ዳልተን ይመዝናል። ከላይ ሆኖ እርጥበት ይይዝ ይሆናል፤ ግንቡን አልፎ ወደ ውስጥ መግባት ግን አይችልም። አሁን ብዙ ጊዜ ስማቸው የማይጻፈውን እንመልከት። የቆዳን ቀለም የሚያመርተውን ኤንዛይም የሚያግደው ሃይድሮኪኖን 110 ዳልተን ነው። ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት የሚባለው እጅግ ብርቱ ስቴሮይድ ደግሞ 467። ሁለቱም ያልፋሉ። ካርቶኑ ላይ የተፎከረለት ውጭ ይቀራል፣ ያልተነገረለት ይገባል።

ክሎቤታሶል በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ከባድ ችፌን ያበርዳል። መመሪያው ግን ጥብቅ ነው፦ ከሁለት ተከታታይ ሳምንት አይበልጥም፣ በሳምንትም ከ50 ግራም አያልፍም። ፊት ላይ መቀባት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ተመራማሪዎቹ ፌልድማንና ማይባክ ያካሄዱት ጥናት ሃይድሮኮርቲሶን የተባለው ስቴሮይድ በግንባር በኩል ከክንድ ስድስት እጥፍ ያህል፣ በመንጋጋ ማዕዘን በኩል ደግሞ 13 እጥፍ ያህል እንደሚገባ አሳይቷል። ፊትን «የሚያጠራ» ክሬም የሚቀባው ታዲያ ግንቡ በሳሳበት ቦታ ነው። ስቴሮይዱ መጀመሪያ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ፊቱ የፈካ ይመስላል። እየቆየ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች ከላይ ይታያሉ። ሃይድሮኪኖንም ለዓመታት ሲቀባ ሊያጠፋው የታሰበውን ጥቁረት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አድርጎ ሊያመጣው ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይህ ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1975 በሐኪሞች ተመዘገበ፤ አገሪቱም በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከውበት መጠበቂያዎች አገደች።

መድኃኒትና ቅባት በአንድ ሕግ እንዲጠበቁ ያደረገው ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ ሰልፋኒላማይድ የተባለ መድኃኒት ዳይኤትሊን ግላይኮል በሚባል መርዛማ ፈሳሽ ተበጥብጦ ተሸጠ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከሞቱትም መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ። በዚያው አሥር ዓመት ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ቀለም የሴቶችን ዓይን አጠፋ፤ የነበረው ሕግ ግን ውበት መጠበቂያን አይነካም ነበር። በ1938 የወጣው ሕግ ሁለቱንም ጠቀለለ። የእኛም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትንም የውበት መጠበቂያንም በአንድነት ይዟል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሳለሁ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ገቡ። ከፌስታል ውስጥ አንዲት ነጭ ዕቃ አወጡ። ክዳኑ ላይ ኮላጅን የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ የይዘት ዝርዝር የለም፣ የአምራች ስም የለም፣ ቀን የለም።

«ለማድያት ብለው ሰጡኝ፤ ማድያቱም ለቆልኝ ነበር» አሉ። «አሁን አንድ ቀን ሳልቀባው ከዋልኩ ፊቴ ይቀላል፣ እንደ በርበሬ ያቃጥለኛል። ሌላ ካለህ ስጠኝ ልጄ።»

ነጠላውን ሲያነሱ ጉንጫቸው ላይ ክር የመሰሉ ቀያይ ደም ሥሮች አየሁ።

«ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ሁለት ዓመት አልፎኛል።»

በዓይን አይቶ ይዘቱን ማወቅ አይቻልም። ምልክቱ ግን የስቴሮይድ ነው፤ ይህንኑ ነገርኳቸው። በራሳቸው ሌላ ክሬም እንዳይጀምሩበት፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደው ክሬሙን የሚያቋርጡበትን መንገድ እንዲጠይቁ አስረዳኋቸው።

«ኮላጅን ነው ብለውኝ የለ እንዴ?» አሉ ክዳኑን እያሳዩኝ።

«እሱ ቆዳዎን አያልፍም እናቴ። ያለፈው ሌላ ነው።»

ዕቃዋን ሊጥሏት ሲሉ ለሐኪሙ እንዲያሳዩአት ለመንኳቸው። በፌስታሉ ጠቅልለው መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት።