ሳይነኩ መዳሰስ፦ የብርሃን ቤተሰብና የርቀት ዳሰሳ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አዲስ አበባ ሲገባ በየባንኩና በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ አንድ ያልተለመደ ዕቃ ብቅ አለ። ጥበቃው ሽጉጥ መሳይ ነገር ደንበኛው ግንባር ላይ ይደግናል፤ ዕቃው ጢጥ ይላል፤ «36.4፤ ይግቡ» ይባላል። ጨረር የሚረጭ መስሎት ፊቱን የሚያዞር ሰው አይጠፋም ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጨረር የሚረጨው ደንበኛው ራሱ ነው፤ ዕቃው ተቀባይ ብቻ ነው። ከግንባሩ የሚወጣውን፣ ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር ለቅሞ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል።

እናት የልጇን ትኩሳት ለማወቅ እጇን ግንባሩ ላይ ታሳርፋለች። ጥበቃው ያደረገው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ አለመንካቱ ነው። ይኸው ሥራ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ሳይሆን ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ በአንድ ግንባር ሳይሆን በአንድ አገር መሬት ላይ ሲሠራ ሪሞት ሴንሲንግ ይባላል፤ በአማርኛ የርቀት ዳሰሳ ማለት ነው። ዳሰሳው የሚጠቀምበት እጅ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብርሃን እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ይገባል።

ከማርያም መቀነት ማዶ

ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ሰማይ ላይ የሚዘረጋው የማርያም መቀነት፣ የፀሐይ ብርሃን በውሃ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ተሰብሮ በየቀለሙ የተበተነበት ነው። በአንዱ ጠርዝ ሐምራዊ፣ በሌላው ጠርዝ ቀይ። ከቀዩ ወዲያ ዓይን የሚያየው ባዶ ሰማይ ስለሆነ መቀነቱ እዚያ ያለቀ ይመስላል።

አለማለቁን የደረሰበት ዊልያም ኸርሸል ነው። ጀርመን አገር ተወልዶ በእንግሊዝ በሙዚቀኝነት ይተዳደር የነበረ፣ ኋላ ፊቱን ወደ ከዋክብት ያዞረና ዩራኑስ የተባለችውን ፕላኔት ያገኘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ፤ የትኛው ቀለም ይበልጥ እንደሚያሞቅ ማወቅ ፈልጎ ነበር። ሙቀቱ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ እየጨመረ ሄደ። ከሁሉም በልጦ የተገኘው ግን ከቀዩ ወዲያ፣ ምንም ቀለም በሌለበት ቦታ የተቀመጠው ቴርሞሜትር ነበር። ይህ የማይታይ ብርሃን ዛሬ ኢንፍራሬድ ይባላል። በዓመቱ ጀርመናዊው ዮሐን ሪተር በሌላኛው ጠርዝ፣ ከሐምራዊው ማዶ፣ የብር ጨውን የሚያጠቁር ሌላ የማይታይ ብርሃን አገኘ፤ አልትራቫዮሌት የሚባለው ነው።

ከዚያ ወዲህ መቀነቱ በሁለቱም ጫፍ እየረዘመ ሄደ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በቀመር አሳየ። ሄይንሪክ ኸርዝ በ1887 የሬዲዮን ሞገድ በቤተ ሙከራ አመነጨ። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ሐኪም ቤት «ራጅ ተነሣ» ሲባል የሚታወቀውን ጨረር አገኘ። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም በባዶ ሕዋ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። የሚለያቸው የሞገዳቸው ርዝመት፣ ማለትም ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለው ርቀት ነው። የቤተሰቡ መጠሪያ ኤሌክትሮማግኔቲክ ስፔክትረም ነው።

ርዝመቱን በቤት ውስጥ ነገር መለካት ይቻላል። በ102.1 ሜጋኸርዝ የሚሰራጨው የሸገር ሬዲዮ ሞገድ ወደ 3 ሜትር ይረዝማል። ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭ ሞገዱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሰው ግንባር በብዛት የሚወጣው የሙቀት ጨረር ከ9 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ነው፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ዓይን የሚያየው ብርሃን ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮ ሜትር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚገባው ብቻ ነው፤ አንድ የራስ ፀጉር ከዚያ በመቶ እጥፍ ገደማ ይወፍራል። የራጅ ጨረር ደግሞ ከዚህም እጅግ ያጥራል።

ማመን ያቃተው አንባቢ የቴሌቪዥን ሪሞትና ስልክ ይያዝ። የስልኩን ካሜራ ከፍቶ ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ቁልፍ ይጫን። ዓይኑ በሪሞቱ ጫፍ ላይ ምንም አያይም፤ ስክሪኑ ላይ ግን ነጣ ያለ ሐምራዊ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። አንዳንድ ስልክ የኋላው ካሜራ ኢንፍራሬድን ስለሚከልል የፊቱ ይሻላል። ምድጃ ዳር የተቀመጠ ሰውም ይህንኑ ቤተሰብ በቆዳው ያውቀዋል፤ ጭሱና ትኩሱ አየር ሽቅብ ሲወጣ፣ ወደ ጎን መጥቶ ፊቱን የሚያሞቀው በአብዛኛው ጨረሩ ነው።

ቅጠል የሚውጠውና የሚመልሰው

ብርሃን አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ከሦስት አንዱ ይገጥመዋል፦ ይዋጣል፣ ያልፋል ወይም ይመለሳል። እያንዳንዱ ነገር የትኛውን ሞገድ ውጦ የትኛውን እንደሚመልስ የራሱ ልማድ አለው። አፈር፣ ውሃ፣ ቆርቆሮና ቅጠል የሚለዩት በዚህ ነው።

ቅጠል አረንጓዴ የሚመስለው ውስጡ ያለው ክሎሮፊል ሰማያዊውንና ቀዩን ለምግብ ማብሰያ ሲውጥ ከአረንጓዴው የተወሰነውን ስለሚመልስ ነው። ከቀዩ አለፍ ብሎ ባለው ኢንፍራሬድ ግን ጤነኛ ቅጠል የሚደርሰውን ብርሃን ግማሽ ያህል መልሶ ይረጫል። የሰው ዓይን እዚያ ቢደርስ ኖሮ የነሐሴ ማሳ ከአረንጓዴነቱ ይልቅ በዚያ ቀለም ያበራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ ለስለላ ዋለ፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ታንክ ዓይንን ቢያታልልም ኢንፍራሬድ የሚቀበል ፊልም ላይ ከሕያው ቅጠል ተለይቶ ይጋለጣል።

ከዚህ ልማድ ቀላል ስሌት ተወለደ፤ ባለሙያዎች ኤንዲቪአይ ይሉታል። ከኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩ ይቀነሳል፤ ውጤቱ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። አንድ የለመለመ ማሳ ከኢንፍራሬዱ 50 ከመቶ፣ ከቀዩ 8 ከመቶ ቢመልስ 42 ለ58 ተካፍሎ 0.72 ይሆናል። ውሃ የጠማው ማሳ ከኢንፍራሬዱ 30፣ ከቀዩ 15 ቢመልስ 0.33 ይወርዳል። ቁጥሩ ወደ አንድ ሲጠጋ ልምላሜ፣ ወደ ዜሮ ሲወርድ ደረቅ መሬት ማለት ነው።

ይህ ስሌት ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎንና ትግራይን ጨምሮ ብዙ አካባቢዎችን በጎዳ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ኋላ ፊውስ ኔት የተባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ። ሥርዓቱ ከተመረኮዘባቸው መረጃዎች አንዱ ከአየር ጠባይ ሳተላይቶች የሚሰላው ኤንዲቪአይ ነበር። ሳተላይቶቹ የተሠሩት ደመና ለመከታተል ነው። የናሳው ተመራማሪ ኮምፕተን ተከርና ባልደረቦቹ ግን ቀዩንና ኢንፍራሬዱን አመሳክረው መሬት ላይ ያለውን ሣር አነበቡበት። አንዱ የምስል ነጥብ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሰፋ የግለሰብ ማሳ አይታይም፤ ሳተላይቶቹ ግን በየቀኑ ይመላለሳሉ። የአንድ ወረዳ ልምላሜ ካለፉት ዓመታት ሲያንስ ገበያው ሳይታመስ በፊት መታወቅ ጀመረ።

ስንት ነጥብ በአንድ ጥማድ?

መሬትን ለመቃኘት ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ሳተላይት ላንድሳት 1 እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1972 መጠቀ። በላዩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩ። ዋናው የተባለው ቪዲዮ ካሜራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቨርጂንያ ኖርውድ የተባለች መሐንዲስ የነደፈችው መቃኛ ነው። መቃኛው በሴኮንድ 13 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ መስታወት ይሠራል፤ ሕዋ ላይ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ትክክለኛ ምስል መስጠቱን ብዙዎች ተጠራጥረው ነበር። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ግን ካሜራው በኤሌክትሪክ ብልሽት ተዘጋ። አረንጓዴውን፣ ቀዩንና ሁለት የኢንፍራሬድ ክፍሎችን ለየብቻ የሚለካው መቃኛ ሥራውን ጠቅልሎ ያዘው፤ የዛሬዎቹም ሳተላይቶች እያንዳንዱን ሞገድ ለየብቻ ይለካሉ።

ለገበሬ አገር ዋናው ጥያቄ የነጥቡ ስፋት ነው። በብዙ አካባቢ አንድ ጥማድ መሬት የሄክታር ሩብ፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ገደማ ይገመታል። የላንድሳት 1 አንድ ነጥብ በየጎኑ 80 ሜትር ያህል ስለነበር ሁለት ጥማድ ተኩል በአንድ ቀለም ይወጣል፤ ጤፉና ባቄላው፣ ድንበሩና ግቢው ተደባልቆ። የላንድሳት 8ና 9 ነጥብ 30 ሜትር ነው፤ ጥማዱ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 በ10 ሜትር ስለሚያይ ያው ጥማድ 25 ነጥብ ይሆናል። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለች፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የመጀመሪያ ሳተላይቷን አምጥቃለች፤ መረጃዋን መቀበያው ጣቢያ የተተከለው እንጦጦ ላይ ነው።

በደመናና በአሸዋ ውስጥ

እስካሁን የተነገሩት ሳተላይቶች ሁሉ የፀሐይን ብርሃን ወይም የመሬትን ሙቀት ተቀብለው የሚያነቡ ናቸው። አንድ ችግር አለባቸው። የኢትዮጵያ አዝመራ በብዛት የሚበቅለው ክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ ደመና ነው። የሚታየው ብርሃንም ኢንፍራሬዱም ደመናን አይሻገሩም፤ ሳተላይቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደጋግሞ ሲያልፍ የሚያነሣው ነጭ ጥጥ ነው።

መፍትሔው የራስን መብራት ይዞ መሄድ ነው። ራዳር የሳንቲ ሜትሮች ርዝመት ያለው ሞገድ ራሱ ይልክና የሚመለሰውን ይቀበላል። ያ ሞገድ ለደመና ጠብታ ደንታ የለውም፤ ፀሐይም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1981 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የያዘችው ራዳር በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ባለው ሰሃራ ላይ አለፈ። ዓይን ዝርግ አሸዋ ብቻ በሚያይበት ቦታ ምስሉ ላይ የወንዝ ሸለቆዎች ታዩ። 24 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሞገድ እጅግ ደረቅ የሆነውን አሸዋ ሰርስሮ፣ ሰሃራ እርጥብ በነበረ ዘመን ወንዞች የቀረጹትን አለት ነክቶ ተመልሷል። ጂኦሎጂስቶች በኋላ ቦታው ድረስ ሄደው ቆፍረው አረጋገጡት።

የራዳር ረቂቅ ሥራ ግን አፋር ውስጥ ታይቷል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ መሬት ለቀናት ተንቀጠቀጠ፤ ተሰነጠቀ፤ አመድም ተፋ። ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያነሣቸው የራዳር ምስሎች ሲመሳከሩ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የስምጥ ሸለቆ ክፍል ላይ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፍቶ ተገኘ። የተመላሹ ሞገድ አናት ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር የሳንቲ ሜትር መዛነፍ እንኳ ይለካል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስንጥቁን በእግር ዞረው መዝግበዋል።

ጣና ላይ የቀረ ጥያቄ

እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሐይቅ ዳር ዳሩን በጀልባ እየዞሩ አረሙ የት እንደደረሰ መቁጠር አድካሚ ነው። ከላይ ሲታይ ግን ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ውሃ ኢንፍራሬድን ይውጣል፤ በምስሉ ላይ ጥቁር ነው። እምቦጭ ቅጠል ስለሆነ ኢንፍራሬድን ይመልሳል፤ ደማቅ ነው። ሴንቲኔል 2 ሁለት ሆኖ ሲሠራ በየ5 ቀኑ ስለሚመለስ፣ ነፋስ አረሙን ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሲገፋው መከተል ይቻላል።

ይሁንና የታንኳ መሥሪያው ደንገልም ዳርቻው ላይ ይበቅላል፤ እርሱም ቅጠል ነው፤ እርሱም ደማቅ ነው። ደንገሉን ከእምቦጩ የሚለዩት ረቂቅ የሞገድ ልዩነቶችና የአበቃቀል ወቅት ናቸው። እነዚያን ለኮምፒዩተሩ ለማስተማር መጀመሪያ አንድ ሰው ጂፒኤስ ይዞ ወደ ሐይቁ ወርዶ «ይህ ነጥብ ደንገል፣ ይህ ነጥብ እምቦጭ» ብሎ መመዝገብ አለበት። ባለሙያዎች ይህን የመስክ ማረጋገጫ ይሉታል። ሰሃራን የቆፈሩትም፣ የዳባሁን ስንጥቅ የዞሩትም ያደረጉት እርሱን ነው።

የላንድሳት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው፤ የሴንቲኔልም እንዲሁ። በይነመረብ ያለው አንባቢ የተወለደበትን ቀበሌ ፈልጎ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ምስል ጋር ጎን ለጎን ማየት ይችላል። ከፍቶ ይመልከት፤ ከዚያም የትኛው ደማቅ ነጥብ የደብሩ ጥድ፣ የትኛው የጎረቤት ባሕር ዛፍ፣ የትኛው የመስኖ አትክልት እንደሆነ ቦታውን ከሚያውቁ አዛውንት ጋር ተቀምጦ በወረቀት ያስፍር።