መርፌውን እንቢ ያለ ልጅ

«የስኳር በሽታ የባለጸጋና የሽማግሌ በሽታ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገር ግን ሕፃናትን የሚይዝ ዓይነትም አለ። በዚህኛው ዓይነት ቆሽት የተባለው የሆድ ዕቃ ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል፤ ያለ ኢንሱሊን ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለሰውነት ኀይል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ልጁ እየበላ ይከሳል፤ እየጠጣ ይጠማል፤ ሽንትም ያመላልሰዋል። ይህ የሚመጣው ጣፋጭ ከማብዛት ወይም ከወላጅ ጥፋት አይደለም።

ባንቲንግና ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት እስኪያወጡ ድረስ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልነበረውም። በጥር 1922 ዓ.ም. ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠና ልጁ ከሞት አፋፍ ተመልሶ 13 ዓመት ያህል ኖረ። ዛሬ ኢንሱሊኑን በወጉ የሚወስድ ልጅ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ ለመሳም ይበቃል። ታዲያ መድኃኒቱ በእጅ እያለ ልጁ እንቢ ቢልስ?

አንድ የ12 ዓመት ተማሪ እያስታወከ፣ በረዥሙ እየተነፈሰ፣ ትንፋሹ የበሰለ ፍሬ እየሸተተ ወደ እኛ መጣ። እናቱ «ጧትና ማታ ይወጋል» አሉን። ከዳነ በኋላ ብቻውን ስንጠይቀው ግን መድኃኒቱን ለሳምንት ያህል ሲደፋው እንደ ሰነበተ ነገረን። «ልጆቹ በሽተኛው ይሉኛል፤ ቤት ስገባም ቁጥሬ ከፍ ካለ እቆጣለሁ» አለ። ነገሩ እልከኝነት ሳይሆን ኀፍረትና ድካም ነበረ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ «ብታጠፋ በመርፌ ትወጋለህ» እያላችሁ ልጅን አታስፈራሩ፤ መድኃኒትን ቅጣት ማድረግ ነውና። መወጋቱ ለምርጫ አይቀርብም፤ ነገር ግን ጭኑን ወይስ ሆዱን የሚለውን እርሱ ይምረጥ። ልጁ ራሱን መውጋት ቢችልም አጠገቡ ሆናችሁ መጠኑን በዓይናችሁ እዩ። የደሙ ስኳር ቁጥር መንገድ ማሳያ እንጂ የፈተና ውጤት አይደለም፤ ከፍ ባለ ጊዜ «ለምን?» ከማለት «አሁን ምን እናድርግ?» ማለት ይሻላል። ስለ ጾም ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ተማከሩ። ጸበል ቢጠመቅም፣ ቢታመምም ኢንሱሊኑ ከቶ አይቋረጥ።

መምህራን ሆይ፤ እንዲህ ያለው ተማሪ ውኃ ለመጠጣትና ለሽንት ሲወጣ አትከልክሉት። ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው ወይም ንግግሩ ቢዛባ ስኳሩ ወርዷልና 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለውም ምግብ ስጡት። ብቻውን ወደ ቤት አትስደዱት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ያ ልጅ ዛሬ መርፌውን የሚወጋው ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ነው። መምህሩም ለክፍሉ ልጆች በልጁ ፈቃድ ስለ በሽታው አስረድተዋል። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነውና የዚህን ልጅ ሸክም አብረነው እንሸከም።