ቁጥር 23
ክፍል አራት

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ለጁሪ የተጠራሁበት ፍርድ ቤት ደርሼ፣ ስሜ ቀርቶ «23» የሚል ወረቀት ደረቴ ላይ ሲለጠፍልኝ ነበር።

ምለን ተቀመጥን። ዐቃቤ ሕጓ ብድግ ብላ፣ «ራሱ ወይም ቤተሰቡ ከፖሊስ ጋር መጥፎ ነገር የገጠመው ካለ እጁን ያውጣ» አለች። ስምንት እጅ ወጣ። ሰባቱ የጥቁር እጅ ነበር። የእኔ እጅ ጭኔ ላይ ቀረ።

ባለቤቴ ማታ «ጎመን በጤና፣ ዝም ብለሽ ተመለሽ» ብሎኛል። ይህ ግን ሰበብ ነው። የፈራሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ ልጄ ናቲ ከሥራ ሲመለስ፣ መኪናህ ከተሰረቀ መኪና ጋር ይመሳሰላል ብለው አስቁመው፣ በካቴና አስረው አርባ ደቂቃ መንገድ ዳር አስቀመጡት። ክስ የለ፣ ይቅርታ የለ። ቤት ሲገባ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ነበር። ለእራት ሲታጠብ ነው ያየሁት፤ አንጓው ዙሪያውን ቀልቷል፣ በአንድ በኩል ቆዳው ተልጧል። ቫዝሊን ቀባሁለት። «አቤቱታ አስገባለሁ» ሲለኝ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «እሺ እማዬ፣ ትቼዋለሁ» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ እጃቸውን ካወጡት አንዱ የሆኑ አዛውንት ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ የዛሬውን ጉዳይ ማውራት ተከልክለናል፤ የቆየውን ልንገርሽ» አሉኝ።

ነገሩ እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ፣ ሮም በምትባል ከተማ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ጥቁር ወጣት በነፍስ ግድያ ተከሶ ቀረበ። ለጁሪ የበቁትን አራት ጥቁሮች ዐቃቤ ሕጎቹ በሙሉ አስወጧቸው፤ ነጮች ብቻ ተቀምጠው ሞት ፈረዱበት። ሰውን በዘሩ ምክንያት ከጁሪ ማስወጣት እንደማይቻል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1986 ነበር። ግን ምክንያት አምጡ ሲባል ምክንያት መች ይጠፋል? በ2006 የዐቃቤ ሕጎቹ ፋይል ተገኘ። የጥቁሮቹ ስም ሁሉ አረንጓዴ ተቀብቶ፣ በእንግሊዝኛ «ጥቁር» የሚለው ቃል የሚጀምርበት ፊደል «ቢ» ተጽፎበት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለሰውየው ፈረደለት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ ማለት ነው!

«አሁን ቀለም የሚቀባ የለም» አሉ አዛውንቱ። «አሁን ‹ፖሊስ አታምንም› ይሉሻል።»

ፖሊስ የማያምን ማነው? የተንገላታ ሰው አይደለም? እንግዲያው የተንገላታ ሰው በሙሉ ከፍርድ ወንበር ይገፋል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ስማችን የሰፈረበት ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይመላለስ ጀመር። በጆርጂያ ሕግ በከባድ ወንጀል ክስ እያንዳንዱ ወገን ዘጠኝ ሰው ማስወጣት ይችላል። የሚናገር ሰው አልነበረም፤ እርሳሱ ብቻ ወረቀቱ ላይ ይሞጫጭራል። ከዚያ የአሥራ ሁለታችን ቁጥር ተነበበ። እጃቸውን ካወጡት ሰባት ጥቁሮች አንድም የለም። ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። ተከሳሹ ዞር ብሎ አየኝ። የናቲ እኩያ ነው።

ገና እንደ ጁሪ ሳንምል ጠበቆቹ ዳኛው ዘንድ ቀርበው ተንሾካሾኩ። ወዲያው የችሎቱ ፖሊስ «ቁጥር 23፣ ብቻሽን» ብሎ ጠራኝ።

በዳኛው ቢሮ ሁለቱ ጠበቆችና የቃል ጸሐፊዋ ተቀምጠዋል። ዳኛው አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። በፖሊስ ላይ የቀረበ አቤቱታ ነው። ከግርጌው የናቲ ፊርማ አለ። ቀኑ «ትቼዋለሁ» ባለኝ ማግስት ነው።

«ስለ እጅዎ በኋላ እንነጋገራለን» አሉ ዳኛው። «አሁን አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ልጅዎ እዚህ የጻፈው እውነት ነው ብለው ያምናሉ?»

አዎ ካልኩ ከወንበሩ እነሳለሁ፤ ውጭ ያለው ልጅ አንድም ጥቁር የሌለበት ጁሪ ይፈርድበታል። አይደለም ካልኩ እቀመጣለሁ፤ ልጄ ግን በእናቱ አፍ ውሸታም ተብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ጸሐፊዋ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

ይቀጥላል