ሲጋራን በአንድ ጊዜ ማቆምና የአምሮቱ ሰዓት



ስለ ሲጋራ ልንጽፍ ነው ስንል «የእኛ ሴቶች መቼ ያጨሳሉ?» ያሉን አሉ። ያጨሳሉ። አገራቸው ሳሉ ነክተውት የማያውቁ፣ እዚህ መጥተው ማታ ዕቃ አጥበው፣ ልጆቹን አስተኝተው፣ በረንዳ ላይ ተደብቀው የጀመሩ እህቶች አሉ። ወቀሳውን ትተን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

ብዙዎቹ የሚጠይቁን «ቀስ በቀስ ልቀንስ ወይስ በአንድ ቀን ልቁረጥ?» እያሉ ነው። በእንግሊዝ አገር ወደ 700 በሚጠጉ አጫሾች ላይ የተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከአራት ሳምንት በኋላ በአንድ ቀን ካቆሙት ከመቶው 49ኙ፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ደግሞ 39ኙ ሳያጨሱ ተገኝተዋል። ሁለቱም ወገን ምክርና የኒኮቲን መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። እኛም ቀን ቆርጦ መተዉን እንመርጣለን።

ኒኮቲን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። የሚከብዱትም እነዚሁ ቀናት ናቸው፤ ብስጭት፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ርሃብ ይመጣል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። አምሮቱ ራሱ ሲነሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል፤ ብታጨሱም ባታጨሱም ያልፋል። በዚያች ሰዓት ቀዝቃዛ ውኃ ጠጡ፣ ጥርሳችሁን ፋቁ፣ ቆሎ ቆርጥሙ፣ እጃችሁን ሥራ አስይዙት።

አሠሪዎቻችሁ አርጊሌ የሚያጨሱ ከሆነ ፍሙን ስታቀጣጥሉ «አንዴ ብቻ» ብላችሁ እንዳትስቡ። እርሱም ኒኮቲን አለበት፤ ውኃው አያጠራውም።

አንድ ነገር ግን አለ። ለብዙዎቻችሁ ሲጋራዋ የቀኑ ብቸኛ ዕረፍት ናት። እርሷን ስትተዉ ዕረፍቱን አብራችሁ አትተዉ። ያችን አምስት ደቂቃ ያዙ፤ በረንዳው ሲጋራ የሚያስታውሳችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ቡናንም ልብ በሉ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ቡናን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲጋራው ሲቀር ያው የለመዳችሁት ቡና በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲጋራ በመተዉ የመጣ ይመስለውና ተመልሶ ያጨሳል። ስለዚህ ለጊዜው አቦሉ ይብቃ፣ ቶናና በረካው ይቅር።

የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር በመድኃኒት ቤት ይገኛል፤ መጠቀሙ ሽንፈት አይደለም። እርጉዝ የሆነች ወይም የልብ ሕመም ያለባት አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስድ እህትም ለሐኪሟ ትንገር፤ ሲጋራ ሲቆም የአንዳንዱ መድኃኒት መጠን መስተካከል አለበት።

ድንገት አንድ ብታጨሱ የቀረውን ፓኮ ጣሉና ከዚያው ሰዓት ቀጥሉ። በዕረፍት ቀን አብራችሁ የምታጨስ ጓደኛ ካለችም ሳትገናኙ በፊት ደውላችሁ እንዳትጋብዛችሁ ንገሯት።