194,313፦ ዕለትን፣ ጨረቃንና ፀሐይን ያስማማል የተባለ ቁጥር

በወረታ ዙሪያ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ረባዳ ምድር ነው። ገበሬው የክረምቱን መግቢያ በቀን መቁጠሪያ ይጠብቃል፤ ክረምቱ ግን የሚከተለው ፀሐይን ነው። ለመሆኑ የቀን አቆጣጠራችንና ሰማዩ ምን ያህል ይስማማሉ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን አንድ ሙሉ ቁጥር አለ፤ እርሱም 194,313 ነው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር የሚሉት የ532 ዓመት ዑደት ወደ ቀን ሲለወጥ ይህን ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ዓመት በአማካይ 365.25 ቀን ነውና። 532 ራሱ ከየት መጣ? ዕለታት በ7፣ ዘመነ ወንጌላውያን በ4 ይዞራሉ፤ ሁለቱ ሲባዙ 28፣ ማለትም ዐውደ ፀሐይ ይገኛል። የጨረቃው ስሌት ደግሞ በ19 ዓመት ይመለሳል። 4 እና 6 የጋራ አካፋይ ስላላቸው 24ን ሳይጠብቁ በ12 ይገናኛሉ። 28 እና 19 ግን ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ የሚገናኙት በብዜታቸው፣ በ532 ብቻ ነው።

194,313 ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ሲበተን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው 7ን ነው። ቁጥሩ ያለ ቀሪ 27,759 ሳምንታት ስለሚሆን፣ ከ532 ዓመት በኋላ ያው ቀን በዚያው ዕለት ይውላል። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን ነበር፤ በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ በ1484 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሚያዝያ 27 ቀን ውሏል። በ2548 ዓ.ም. ደግሞ ይደገማል።

ሰማዩስ? በ532 ዓመት ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት ይቆጠራሉ። የአንዱ ወር አማካይ ርዝመት 29.530588 ቀን ስለሆነ ድምሩ 194,311.3 ቀን ነው፤ ጨረቃ 1.7 ቀን ያህል ትቀድመናለች። በፀሐይ ዓመት፣ ማለትም በ365.2422 ቀን ሲሰላ ደግሞ 194,308.9 ይሆናል፤ ልዩነቱ ከ4 ቀን ጥቂት ይበልጣል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ልዩነት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በስሌት የተወሰነው የሙሉ ጨረቃ ዕለት፣ ፍሥሕ፣ ሚያዝያ 20 ነበር። ጨረቃ ግን ሙሉ የሆነችው ለሚያዝያ 16 አጥቢያ ነው። ስሌቱ ከተደነገገ ወዲህ ከ1,600 ዓመት በላይ የተጠራቀመውን ልዩነት በሜዳው ቆሞ ወደ ሰማይ የሚመለከት ሁሉ በዓይኑ ሊያየው ይችል ነበር።

ይህን ስንል ሊቃውንቱን መንቀፋችን አይደለም። በፀሐይ በኩል ያለው ስሕተት በዓመት ከ11 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ለአንድ ገበሬ ዕድሜ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን በ1484 ዓ.ም. የተጻፈ የዝናብ መግቢያ ቀን አግኝቶ ከዛሬው ጋር የሚያነጻጽር ተመራማሪ፣ «ክረምቱ ተለወጠ» ከማለቱ በፊት 4ቱን ቀን ማሰብ አለበት። ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ይታዘዛል፤ ፀሐይና ጨረቃ ግን ያለ ቀሪ የመካፈል ግዴታ የለባቸውም።